መቀጮ ለመንግሥት፣ ካሳ ለተበዳይ፦ ጥፋተኛው የሚከፍለው ገንዘብ ለተጎጂው የሚደርስበት መንገድ

በወንጀል ጉዳይ የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጥቶ ጥፋተኛው በገንዘብ ሲቀጣ ተበዳዮች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ፍርድ ቤቱ የቀጣው ገንዘብ የሚደርሰኝ መቼ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በድብደባ እጁ የተሰበረ የቀን ሠራተኛ የሕክምና ወጪውን የሚሸፍነው ከራሱ ኪስ ነው፤ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥባቸው ቀናትም የሚቆጠሩት በቤተሰቡ ላይ ነው። የሕጉ መልስ ግን ብዙዎች እንደሚጠብቁት አይደለም። መቀጮ የመንግሥት ገቢ ሲሆን ለተበዳዩ የሚገባው ካሳ በሌላ መንገድ፣ በተበዳዩ በራሱ ጥያቄ የሚገኝ ነው። ይህ ልዩነት በጊዜ ባለመታወቁ የካሳ መብታቸውን ሳይጠቀሙበት የሚቀሩ ተበዳዮች ይኖራሉ።

ይህ ጽሑፍ ጥፋተኛው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚከፍለው ገንዘብ ወንጀል የደረሰባቸውን ሰዎች ለመደገፍ እንዴት እንደሚውል በኢትዮጵያ ሕግና በሌሎች አገሮች ልምድ ይመረምራል፤ ተበዳዮች ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችንም ያመለክታል።

ሦስት ዓይነት ክፍያዎች

በወንጀል ፍርድ ምክንያት ከጥፋተኛው የሚሰበሰብ ገንዘብ በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው መቀጮ ነው። መቀጮ ቅጣት ሲሆን ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 90 እንደተደነገገው፣ በልዩ ሁኔታ ሌላ ካልተወሰነ በስተቀር፣ በግለሰብ ላይ የሚጣለው መቀጮ ከ10 ብር እስከ 10,000 ብር፣ የሕግ ሰውነት በተሰጠው ድርጅት ላይ የሚጣለው ደግሞ ከ100 ብር እስከ 500,000 ብር ነው።

ሁለተኛው ካሳ ነው። ካሳ ቅጣት አይደለም፤ የደረሰውን ጉዳት የሚተካ ክፍያ ነው። መጠኑ የሚለካው በጥፋቱ ክብደት ሳይሆን በጉዳቱ ልክ ሲሆን ክፍያውም በቀጥታ ለተበዳዩ ወይም ከእርሱ መብት ለሚያገኙ ሰዎች ይፈጸማል።

ሦስተኛው በኢትዮጵያ አጠቃላይ የወንጀል ሕግ ውስጥ የሌለ፣ በሌሎች አገሮች ግን እየተስፋፋ የመጣ ክፍያ ነው። ይህም ማንኛውም ጥፋተኛ ከቅጣቱ በተጨማሪ እንዲከፍለው የሚታዘዝና ለተጎጂዎች አገልግሎት በተቋቋመ ፈንድ ውስጥ የሚገባ ገንዘብ ነው። ተጨማሪ ክፍያው የሚውለው ለአንድ ተበዳይ ሳይሆን ለተጎጂዎች በጠቅላላው ነው፤ አጥፊው ያልተያዘበት ወይም ድሃ የሆነበት ተበዳይም ከዚሁ ፈንድ ይገለገላል።

የኢትዮጵያ ሕግ ለተበዳዩ የሰጠው መብት

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 በወንጀል ድርጊት ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሰው ወይም ከእርሱ መብት ያላቸው ሰዎች ጥፋተኛው ጉዳቱን እንዲጠግን፣ የወሰደውን እንዲመልስ ወይም ካሳ እንዲከፍል የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለዚሁም ሲባል የፍትሐ ብሔር ጥያቄያቸውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል።

ይህ መብት የሚፈጸምበት ሥርዓት በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ከቁጥር 154 ጀምሮ ተመልክቷል። በዚህም መሠረት ተበዳዩ ወይም ወኪሉ የወንጀሉ ክስ መሰማት በሚጀምርበት ጊዜ ማመልከቻውን በጽሑፍ ያቀርባል። ማመልከቻው የሚጠየቀውን ካሳ ዓይነትና መጠን መግለጽ አለበት። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን ከተቀበለ ተበዳዩ የካሳ ጥያቄውን የሚያስረዳለትን ማስረጃ የማቅረብ መብት ያገኛል።

ፍርድ ቤቱ ግን ጥያቄውን በወንጀሉ መዝገብ ላይ ላይቀበለው የሚችልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ተከሳሹ ወጣት አጥፊ ሲሆን፣ ተበዳዩ ቀድሞ በፍትሐ ብሔር ችሎት ክስ መሥርቶ ሲገኝ፣ አመልካቹ ክስ ለማቅረብ የሚያስችል ችሎታ ሳይኖረው ሲቀር፣ የካሳውን ጉዳይ ለመወሰን ከዐቃቤ ሕግና ከተከሳሽ ምስክሮች ሌላ ብዙ ምስክሮችን መስማት ሲያስፈልግ፣ ወይም የካሳው ክርክር የወንጀሉን ጉዳይ የሚያደናግር፣ የሚያወሳስብ ወይም የሚያዘገይ መስሎ ሲታይ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። ማመልከቻው በዚህ ምክንያት ውድቅ ቢሆን ተበዳዩ መብቱን አያጣም፤ ጥያቄውን በፍትሐ ብሔር ችሎት ማቅረብ ይችላል። አጥፊው አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በሚሆንበት ጊዜም የፍትሐ ብሔር ሕጉ በልጁ ፋንታ ኃላፊ የሚሆኑ ሰዎችን ይወስናል።

ተከሳሹ በነጻ ቢለቀቅስ? የወንጀል ችሎቱ በዚህ ጊዜ ስለ ካሳው አይወስንም። ይሁን እንጂ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት ተከሳሹ በወንጀል ጉዳይ ነጻ መባሉ የፍትሐ ብሔር ችሎቱን አያስገድደውም። ሁለቱ ችሎቶች የሚጠይቁት የማስረጃ ክብደት የተለያየ በመሆኑ በወንጀል ነጻ የተባለ ሰው በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ሊሆን ይችላል።

የጊዜው ጉዳይ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ሲሆንና የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ የወሰነ እንደሆነ ግን ለካሳውም ይኸው ረዘም ያለ ጊዜ ተፈጻሚ ይሆናል። ድርጊቱ በወንጀል ሕግ የትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ አስቀድሞ ሳያረጋግጡ በረዘመው ጊዜ መተማመን አደጋ አለው።

የካሳው ልክ

የሕጉ መሠረታዊ መርሕ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። የሕክምና ወጪ፣ የተቋረጠ ገቢ፣ የተበላሸ ንብረት፣ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳት ሁሉ በዚህ ይካተታል። ሰው በሞተ ጊዜም የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ የተቋረጠባቸውን መተዳደሪያ በካሳ መልክ መጠየቅ ይችላሉ። የጉዳቱን ትክክለኛ መጠን በቁጥር ማስቀመጥ በማይቻልበት ጊዜ ዳኞች በርትዕ እንዲወስኑ ቁጥር 2102 ይፈቅዳል።

የሞራል ካሳን በተመለከተ ግን ሕጉ ጠባብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 የሞራል ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚያ ዘመን ከፍ ያለ ዋጋ የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ የደረሰውን ሐዘንና ስቃይ የሚመጥን አይደለም። በመሆኑም የተበዳዩ ጥያቄ ክብደት የሚያርፈው በማስረጃ ሊረጋገጥ በሚችለው ቁሳዊ ጉዳት ላይ ነው።

ጥፋተኛው የሚከፍለው ከሌለው

ካሳ መፈረድ አንድ ነገር፣ ካሳ መቀበል ሌላ ነገር ነው። የተፈረደበት ሰው ንብረት ከሌለው፣ በእስራት ምክንያትም ገቢው ከተቋረጠ ፍርዱ በተበዳዩ እጅ ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 ይህን ችግር አስቀድሞ የተመለከተ ድንጋጌ ነው። ከጥፋተኛው ወይም ስለ እርሱ ኃላፊ ከሆኑት ሰዎች ሁኔታ አንጻር ተበዳዩ ካሳውን እንደማያገኝ የሚያሰጋ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ከተወረሱ ዕቃዎች ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ፣ በዋስትና የተያዘው ገንዘብ፣ ወይም ከመቀጮው ለተበዳዩ እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል። መንግሥት በዚህ መንገድ በሰጠው ገንዘብ ልክ በተበዳዩ ቦታ ተተክቶ ጥፋተኛውን ይጠይቃል።

ድንጋጌው በመቀጮና በካሳ መካከል የተዘረጋ ድልድይ ነው ማለት ይቻላል። ድልድዩ ግን ሦስት ውስንነቶች አሉት። አንደኛ፣ ትእዛዙ በፍርድ ቤቱ ፈቃደ ሥልጣን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ተበዳዩ ካልጠየቀና ምክንያቱን ካላስረዳ ሳይነሳ ሊታለፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ምንጩ የዚያው መዝገብ ገንዘብ ነው። ጥፋተኛው በእስራት ብቻ ከተቀጣና የተወረሰ ንብረትም ሆነ የዋስትና ገንዘብ ከሌለ የሚተላለፍ ነገር አይኖርም። ሦስተኛ፣ አጥፊው ያልታወቀበት ወይም ያልተያዘበት ተበዳይ ፍርድ ስለሌለው ከዚህ ድንጋጌ ሊጠቀም አይችልም።

ሕጉ ጥፋተኛው በራሱ ተነሳሽነት እንዲክስ የሚያበረታቱ ድንጋጌዎችንም ይዟል። በአንቀጽ 82 መሠረት የጥፋተኛው እውነተኛ ጸጸት፣ በተለይም ለተበዳዩ እርዳታ ማድረጉና በተቻለው መጠን ጉዳቱን መጠገኑ ቅጣት የሚያቀልለት ጠቅላላ ምክንያት ነው። በአንቀጽ 202 መሠረትም ታራሚ በአመክሮ እንዲፈታ ከሚታዩት ሁኔታዎች አንዱ በፍርድ ቤት የተወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ካሳ አቅሙ በፈቀደ መጠን መክፈሉ ነው። እነዚህ ድንጋጌዎች ሥራ ላይ የሚውሉት ግን ካሳው መጠየቁና አለመከፈሉ በመዝገብ ሲታወቅ ነው። ካሳ ያልጠየቀ ተበዳይ ስለ አለመከፈሉ የሚያስረዳው ሰነድ አይኖረውም።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1985 ባጸደቀው የወንጀል ተጎጂዎች ፍትሕ መሠረታዊ መርሆዎች መግለጫ፣ ቀዳሚው ከፋይ አጥፊው እንደሆነ፣ ከእርሱ የተሟላ ካሳ በማይገኝበት ጊዜ መንግሥታት በከባድ ወንጀል ለተጎዱ ሰዎች የገንዘብ ካሳ ለመስጠት እንዲጥሩ፣ ለዚህም ብሔራዊ ፈንድ ማቋቋም እንደሚበረታታ አመልክቷል። አገሮች ይህን በተለያየ መንገድ ተግብረውታል።

በእንግሊዝና ዌልስ ተጨማሪው ክፍያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን መጀመሪያ በመቀጮ በተቀጡ ሰዎች ላይ ብቻ የሚጣል 15 ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 እስራትን ጨምሮ ሌሎች ቅጣቶችንም እንዲያካትት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ወዲህ በመቀጮ የተቀጣ ሰው የመቀጮውን 40 በመቶ፣ ቢበዛ እስከ 2,000 ፓውንድ በተጨማሪ ይከፍላል። ከ2 ዓመት በላይ የታሰረ አዋቂ ደግሞ 228 ፓውንድ ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ትኩረት የሚስበው የቅድሚያ ቅደም ተከተሉ ነው። ጥፋተኛው ለተበዳዩ የሚከፈለውን ካሳና ተጨማሪውን ክፍያ አንድ ላይ ለመክፈል አቅም ከሌለው ተጨማሪው ክፍያ ይቀነሳል፤ ካስፈለገም ይቀራል። ካሳው ይቀድማል። መቀጮና የክስ ወጪ ከሁለቱ በኋላ ይመጣሉ።

ኒውዚላንድ ቀለል ያለ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ቅጣት የተወሰነበት ጥፋተኛ ሁሉ፣ የወንጀሉ ዓይነት ሳይለይ፣ 50 የኒውዚላንድ ዶላር ይከፍላል። እዚያም ቢሆን ገንዘቡ የሚሰበሰበው ለተበዳዩ የተወሰነው ካሳ ከተከፈለ በኋላ ነው።

የካናዳ ልምድ ማስጠንቀቂያ ያዘለ ነው። ክፍያው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአገሪቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ የነበረ ሲሆን ዳኞች ድሃ ጥፋተኞችን ነጻ የማድረግ ሥልጣን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ማሻሻያ መጠኑ በእጥፍ አድጎ የመቀጮው 30 በመቶ፣ መቀጮ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ለቀላል ወንጀል 100 ዶላር፣ ለከባድ ወንጀል 200 ዶላር ሆነ፤ የዳኞች ነጻ የማድረግ ሥልጣንም ተነሳ። ቤት አልባ፣ የአእምሮ ሕመምተኛና በሱስ የተጠቁ ጥፋተኞች ሊከፍሉት የማይችሉት ዕዳ ተሸከሙ። አንዳንድ ዳኞች ችግሩን ለማለፍ የ1 ዶላር መቀጮ እየጣሉ ተጨማሪው ክፍያ 30 ሳንቲም ብቻ እንዲሆን ያደርጉ ነበር። በመጨረሻም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 አስገዳጁን ክፍያ ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣት ነው ብሎ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን መሆኑን ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ ክፍያውን ሲመልሰው ለዳኞች እንደየሁኔታው የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ የሚተዳደረው ከግብር ሰብሳቢው ካዝና ሳይሆን በፌዴራል ወንጀል ከተቀጡ ሰዎችና ኩባንያዎች በሚሰበሰብ መቀጮና ልዩ ክፍያ ነው። በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ግለሰብ 100 ዶላር፣ ድርጅት ደግሞ 400 ዶላር ልዩ ክፍያ ይጣልበታል። የፈንዱን አቅም የሚወስኑት ግን በትላልቅ ኩባንያዎች ላይ የሚጣሉ መቀጮዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የበጀት ዓመት ወደ ፈንዱ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲገባ፣ በማግሥቱ ዓመት የገባው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር። የመጠለያና የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች በዚህ መዋዠቅ ተጎዱ። ኩባንያዎች ሳይፈረድባቸው ከዐቃቤ ሕግ ጋር በሚያደርጉት ስምምነት የሚከፍሉት ገንዘብ ወደ ፈንዱ እንዲገባ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሕጉ ተሻሻለ፤ ሆኖም ከፈንዱ እንዲወጣ የሚፈቀደው ዓመታዊ ገንዘብ በ2023 ከነበረው 1.9 ቢሊዮን ዶላር በ2024 ወደ 1.35 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዝቅ ብሏል። በዚያ አገር የሚኖሩና የወንጀል ጥቃት የደረሰባቸው ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ስቴት የካሳ ፕሮግራም በኩል ከዚህ ሥርዓት ተጠቃሚ ለመሆን ማመልከት ይችላሉ።

ከልምዱ የሚወሰዱ ቁም ነገሮች

ከእነዚህ ልምዶች ሦስት ቁም ነገሮችን መውሰድ ይቻላል። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። ጥፋተኛው ያለው ገንዘብ ውስን በሚሆንበት ጊዜ ተበዳዩ ከመንግሥት መቅደም ይኖርበታል። የመንግሥት ካዝና መጠበቅ ይችላል፤ ሕክምና የሚፈልግ ሰው ግን መጠበቅ አይችልም። የኢትዮጵያ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 102 የዚህን ሐሳብ ዘር የያዘ ቢሆንም አስገዳጅ ቅደም ተከተል አላስቀመጠም።

ሁለተኛው የጥፋተኛው አቅም ነው። የማይከፈል ዕዳ ለተጎጂው አንዳች ጥቅም አያስገኝም፤ ጥፋተኛውንም ወደ መልካም ኑሮ እንዳይመለስ ያግደዋል። የካናዳው ውሳኔ ያሳየው ለተጎጂዎች ማሰብ የዳኛን ሚዛን ከማስወገድ ጋር አንድ አለመሆኑን ነው።

ሦስተኛው የአገልግሎት ቀጣይነት ነው። የተጎጂዎች አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ከጥፋተኞች በሚሰበሰብ ገንዘብ ላይ ከተመሠረተ ገቢው በቀነሰ ጊዜ መጠለያዎች ይዘጋሉ። ወንጀል ግን የፈንዱን ሒሳብ አይቶ አይቀንስም። ከጥፋተኞች የሚገኘው ገንዘብ ለመንግሥት በጀት ተጨማሪ እንጂ ምትክ ሊሆን አይገባውም።

በኢትዮጵያ ያሉ ጅምሮች

ለተጎጂዎች የሚውል ፈንድ ለኢትዮጵያ ሕግ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተጎጂዎችን ለመደገፍና መልሶ ለማቋቋም የሚውል ፈንድን ይመለከታል። ወደ ዓረብ አገሮች ሲጓዙ በደላሎች ለተታለሉና ለተበደሉ ዜጎች ይህ ሐሳብ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በወንጀሉ የተገኘው ሀብት ለተጎዱት እንዲውል መንገድ ይከፍታልና።

በተሽከርካሪ አደጋ ረገድም ተመሳሳይ አስተሳሰብ አለ። የተሽከርካሪ አደጋ የ3ኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ገጭቶ ባመለጠ ወይም የመድን ሽፋን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዱ ሰዎች ከመድን ፈንድ ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል። ምንጩ ከጥፋተኞች የሚሰበሰብ ባይሆንም፣ አጥፊው ሳይገኝ ተጎጂው እንዲካስ የሚያስችል ሥርዓት በአገሪቱ እንደሚሠራ ያሳያል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ለተጎጂዎች የሚሰጥ ማካካሻን ከምሰሶዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። እነዚህ ሁሉ ግን ለተወሰኑ ጉዳዮች የተዘረጉ ናቸው። በድብደባ፣ በዝርፊያ ወይም በጾታዊ ጥቃት የተጎዳ ሰው በአጠቃላይ የሚጠይቀው ፈንድ ገና የለም። ለእርሱ ዋነኛው መንገድ በወንጀል ሕጉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተሰጠው የካሳ ጥያቄ ሆኖ ይቀጥላል።

ተበዳዮች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎች

1. ጉዳቱን ወዲያውኑ ለፖሊስ ማመልከትና የሕክምና ማስረጃ ማግኘት። የሕክምና ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ግዥና የመጓጓዣ ወጪ ማስረጃዎች በሙሉ መቀመጥ አለባቸው።

2. የተቋረጠ ገቢን የሚያስረዳ ሰነድ ማዘጋጀት። የደመወዝ መግለጫ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ ያገለግላሉ። የቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው አሠሪውን ወይም የሥራ ባልደረቦቹን በምስክርነት መቁጠር ይችላል።

3. የምርመራ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሲተላለፍ ካሳ የመጠየቅ ፍላጎትን ለዐቃቤ ሕጉ ማሳወቅና ክሱ የሚሰማበትን ቀን መከታተል። ማመልከቻው የሚቀርበው በክሱ መሰማት መጀመሪያ ላይ በመሆኑ ቀኑ ካለፈ በወንጀሉ መዝገብ የመጠየቅ ዕድል ይጠባል።

4. የካሳውን ዓይነትና መጠን ዘርዝሮ በጽሑፍ ማመልከት። ጥፋተኛው ለመክፈል አቅም እንደሌለው የሚታወቅ ከሆነ በአንቀጽ 102 መሠረት ከመቀጮው፣ ከዋስትናው ወይም ከተወረሰው ንብረት እንዲከፈል በዚያው ማመልከቻ መጠየቅ።

5. ጥያቄው በወንጀል ችሎት ተቀባይነት ካላገኘ የይርጋ ጊዜ ሳያልፍ በፍትሐ ብሔር ችሎት ክስ ማቅረብ። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በነጻ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ክሳቸውን ራሳቸው ማቅረብና መከራከር የማይችሉ ዜጎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ሕጻናትን፣ አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ወክሎ መከራከር በሕግ ለፍትሕ ሚኒስቴር የተሰጠ ተግባር ነው። በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አገልግሎት ይሰጣሉ።

6. ካሳ ከተፈረደ በኋላ የፍርዱን ግልባጭ ወስዶ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት። ጥፋተኛው በማረሚያ ቤት የሚገኝ ከሆነ ካሳው አለመከፈሉ በአመክሮ ጥያቄው ላይ ስለሚታይ የፍርዱ ግልባጭ ለማረሚያ ቤቱ እንዲደርስ ማድረግ ጠቃሚ ነው።

ከእነዚህ እርምጃዎች ውስጥ አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ከፍርድ በፊት ነው። መቀጮው ከተወሰነና መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ በወንጀል ችሎቱ የሚስተናገድበት ዕድል አነስተኛ በመሆኑ፣ ተበዳዮች ስለ ካሳ መጠየቅ የሚገባቸው ቃላቸውን ለፖሊስ በሚሰጡበት ዕለት ጀምረው ነው።